ሰማይ ሲታረስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ብሂል። አበው ሁለት የማይሞከሩ ነገሮችን በአንድ ቀንበር ጠምደው ነው ያለፉት። ሰማዩን የማይታረስ ያደረገው ርቀቱ ነው፤ ንጉሡን የማይከሰስ ያደረገው ደግሞ ፍርሃት። ብሂሉን እየሰማን ያደግን ሁሉ የመጀመሪያው ግማሽ ለሁለተኛው ማስረጃ ሆኖ እንደገባ እናውቃለን። ማንም ሰማይን ሊያርስ አይችልምና ማንም ንጉሥን ልክሰስ ብሎ አይነሣ ማለት ነው።

እነሆ ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክ የተባለች፣ ክብደቷ 84 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ድቡልቡል ሳተላይት ምድርን መዞር ጀመረች። ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን በ108 ደቂቃ ዓለምን ዞሮ ተመለሰ። ጁላይ 20 ቀን 1969 ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ አረፉ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰማዩ ታረሰ። የብሂላችን አንዱ ግማሽ ፈረሰ። ሌላው ግማሽስ?

እኔ የካምባ ነዋሪ ነኝ። ቀን ቀን በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፣ ታሪክ አነባለሁ። መብራት በጠፋ ሌሊት እዚህ ያለው ሰማይ ከጋሞ ተራሮች ትከሻ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ወደ ጠፈር ታሪክ መጀመሪያ የሳበኝ ይህ ሰማይ ይሁን እንጂ፣ ንባቡ እየገፋ ሲሄድ ከሮኬቶቹ ይልቅ ስብሰባዎቹ ያዙኝ። ማን ተናገረ? ማን ዝም አለ? አለቃው የማንን ቃል ሰማ? የጠፈር በረራ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሰጥተው ስለ አመራርና ስለ ኅብረት ሥራ ያተረፉት ትምህርት ቢጨመቅ፣ የሚንጠባጠበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ሰማይ የሚታረሰው ንጉሥ በሚከሰስበት ሸንጎ ነው። «ንጉሥ» ስል ዘውድ የጫነውን ብቻ ሳይሆን በየወንበሩ የተቀመጠውን አለቃ ሁሉ ማለቴ ነው፤ «መክሰስ» ስልም ፊት ለፊት ቆሞ «ቁም፤ ይህ ነገር ልክ አይደለም» ማለትን።

ታሪኩን ከእሳት ልጀምር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 በፍሎሪዳ፣ አፖሎ 1 ተብሎ በሚታወቀው መንኮራኩር ውስጥ ሦስት ጠፈርተኞች ለሙከራ ተቀምጠው ነበር። ጋስ ግሪሶም፣ ኤድ ኋይትና ሮጀር ቻፊ። ሮኬቱ ነዳጅ አልያዘም፤ በረራም አልነበረም። ክፍሉ ግን በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፤ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ በቶሎ የሚገፋ አልነበረም። ከሽቦዎቹ መካከል የተነሣች አንዲት ብልጭታ ክፍሉን በሰከንዶች ውስጥ እሳት አደረገችው፤ ሦስቱም አለቁ። ከአደጋው ጥቂት ቀናት በኋላ የበረራ ዳይሬክተሩ ጂን ክራንዝ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ባልደረቦች ሰበሰበ። በኋላ በማስታወሻ መጽሐፉ እንዳሰፈረው፣ ጥፋቱን በሌላ በማንም ላይ አላሳበበም። ሥራው ተቻኩሎ እንደነበር፣ ጉድለቱ በየዕለቱ ይታይ እንደነበርና ከመካከላቸው አንድም ሰው ተነሥቶ «ይቁም» እንዳላለ ነገራቸው። ከዚያም ሁለት ቃላት በየጽሕፈት ሰሌዳቸው እንዲጽፉና እንዳያጠፏቸው አዘዘ፤ በእኛ አነጋገር «ጽኑ» እና «ብቁ» እንደ ማለት ናቸው። ጽናት ስላደረጉትም ሳያደርጉ ስለ ቀሩትም ተጠያቂ መሆን ነው፤ ብቃት ደግሞ ዕውቀትን አለማጉደል።

ጨረቃ ላይ ለመድረስ 400,000 የሚሆኑ ሰዎች ሠርተዋል ይባላል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ሞፈር ማሰለፍ በራሱ ተአምር ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የዚያ ሁሉ ሕዝብ ድካም በመጨረሻው ሰዓት በጥቂት ወጣቶች አንደበት ላይ ማረፉ ነው። በሂዩስተን መቆጣጠሪያ ክፍል አንድ ሥርዓት ነበር። ከእያንዳንዱ ወሳኝ እርምጃ በፊት ዳይሬክተሩ በየወንበሩ ያለውን ባለሙያ በተራ ይጠራል፤ ተጠሪው «ይቀጥል» ወይም «አይቀጥል» ብሎ ይመልሳል። የተጠሪው ዕድሜም ሆነ ማዕረግ አይጠየቅም። መቼ «አይቀጥል» እንደሚባልም አስቀድሞ ሁሉም ተከራክሮበት በደንብ መጽሐፍ ሰፍሯል።

አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሲወርድ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኮምፒውተሩ «1202» የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳየ። አርምስትሮንግ ትርጉሙ እንዲነገረው ጠየቀ። መልስ መስጠት የነበረበት ስቲቭ ቤልስ የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ከእርሱ ጀርባ፣ በሌላ ክፍል ደግሞ ጃክ ጋርማን የተባለ የ24 ዓመት ወጣት በእጁ የጻፈውን የማስጠንቀቂያ ቁጥሮች ዝርዝር ይዞ ተቀምጧል። ይህ ዝርዝር ከየት መጣ? ከበረራው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በተደረገ ልምምድ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ብቅ ሲል ቤልስ ደንግጦ ማረፉን አሰርዞ ነበር። አሠልጣኙ ውሳኔው የተሳሳተ እንደነበር በግልጽ ነገራቸው። አለቃው ክራንዝ ወጣቱን ከወንበሩ አላነሣውም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲጠኑ አዘዘ እንጂ። ስለዚህ በእውነተኛው ቀን ጋርማን ዝርዝሩን ተመለከተ፣ ለቤልስ ነገረ፣ ቤልስም «ይቀጥል» አለ። የ35 ዓመቱ ክራንዝ ቃሉን ተቀበለ። ጨረቃ ላይ የተረገጠው እርምጃ በዚህ በኩል ነው ያለፈው፦ ከኋላ ክፍል፣ ከአንድ ወረቀት፣ ስሕተቱ በአደባባይ ከታረመለትና ወንበሩ ካልተነጠቀው ወጣት።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሶቪየት ኅብረትስ? ንጉሥ የማይከሰስባት አገር አልነበረችምን? ሰማዩን ቀድማ ያረሰችውስ እርሷ አይደለችምን?» ብሎ ቢሞግተኝ እውነት አለው። የስፑትኒክና የጋጋሪን ሮኬቶች ዋና ነዳፊ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ በ1938 ታስሮ በስታሊን የግዞት ካምፕ የተሠቃየ ሰው ነበር። ከተፈታ በኋላ የሠራው ሥራ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ስሙ ግን በጃንዋሪ 1966 እስኪሞት ድረስ ለሕዝብ አልተገለጠም። ሰማዩን ያረሰው ገበሬ ስም አልነበረውም። ይሁንና የዝምታው ዋጋ ሳይከፈል አልቀረም። በኤፕሪል 1967 ሶዩዝ 1 ስትተኮስ ያለ ሰው የተደረጉት ቀዳሚ ሙከራዎች ሁሉ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ቭላዲሚር ኮማሮቭ ግን ተሳፈረ። ሲመለስ ጃንጥላው አልዘረጋ ብሎ ከምድር ጋር ተላትሞ ሞተ። በአንድ ጀግንነትና በአንድ ሊቅ ጉልበት ሰማዩን አንድ ትልም ማረስ ይቻላል፤ ዓመት ዓመት ማረስ ግን ሸንጎ ይጠይቃል።

አሁን ልቤን ከሁሉ አብልጦ ወደ ነካው ሰው ልምጣ። አለን ማክዶናልድ ይባላል። ለአሜሪካ የጠፈር መመላለሻ መንኮራኩሮች ታላላቅ ጠጣር ነዳጅ ሮኬቶችን በሚሠራው ሞርተን ታዮኮል በተባለ ኩባንያ መሐንዲስና ኃላፊ ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ ቻሌንጀር በማግሥቱ ልትተኮስ ተዘጋጅታ ሳለ፣ በዩታ፣ በአላባማና በፍሎሪዳ ያሉ ሰዎች በስልክ ስብሰባ ተቀመጡ። ጉዳዩ ብርድ ነው። የሮኬቱ ክፍሎች የሚገጣጠሙበትን መጋጠሚያ የሚያሽጉ የጎማ ቀለበቶች ነበሩ። ጎማ በብርድ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ክፍተቱን ቶሎ አይደፍንም፤ ካልደፈነ የጋለ ጋዝ ያመልጣል። ሮጀር ቦይስጆሊና አርኒ ቶምሰን የተባሉ መሐንዲሶች ሥዕልና ሰንጠረዥ ዘርግተው ተከራከሩ፤ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አይተኮስ አሉ። በናሳ በኩል ያሉት ኃላፊዎች በምክሩ መከፋታቸውን አልደበቁም። የኩባንያው አለቆች ለጥቂት ደቂቃ ለብቻችን እንምከር ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ጥቂቱ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። በዚያ ምክክር መሐንዲሶቹ ከውሳኔው ውጭ ተደረጉ። ከአለቆቹ አንዱ ገና ያመነታ ስለነበር፣ የምህንድስናውን ባርኔጣ አውልቆ የአስተዳዳሪነቱን እንዲያጠልቅ ተነገረው። አወለቀ። ስልኩ ተመልሶ ሲከፈት ኩባንያው «ይተኮስ» አለ።

ናሳ ይህን በጽሑፍና በፊርማ ፈለገ። በማስወንጨፊያው ቦታ የኩባንያው ወኪል ማክዶናልድ ነበርና ፊርማው ከእርሱ ይጠበቅ ነበር። አልፈርምም አለ። ፊርማው ከዩታ፣ ከአንድ የበላይ ኃላፊ በፋክስ መጣ። በማግሥቱ ረፋድ፣ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ገደማ በሆነበት አየር ቻሌንጀር ተነሣች። በ73ኛው ሰከንድ ሰማዩ ላይ ፈረሰች። ክሪስታ ማኮሊፍ የተባለችው መምህርት ጭምር ሰባት ሰዎች አለቁ፤ ተማሪዎች በየክፍላቸው በቴሌቪዥን እያዩ።

እኔ ፊርማ ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ። በምሠራበት ቤት የካዝናው ቁልፎች በሁለት ሰዎች እጅ ይለያያሉ። አንደኛው ቁልፍ ያዥ የቱንም ያህል ቢከበር፣ ሁለተኛው ካልመጣ ካዝናው አይከፈትም። ይህ ደንብ የተሠራው ሰው ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ይቸኩላል፣ ይሳሳታል፣ ይፈራል፣ ይታዘዛል ተብሎ ነው። በቻሌንጀር ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ እንቢ ሲል ደንቡ ካዝናውን ዘግቶ ማደር ነበረበት። ሌላ ቁልፍ ያዥ ተፈለገና ተከፈተ። ያን ማታ የምህንድስና ዕውቀት አልጎደለም፤ የጎደለው እንቢታው የሚያርፍበት ቦታ ነው።

የማክዶናልድ ታሪክ በዚያ አላበቃም። አደጋውን እንዲያጣራ የተሾመው ኮሚሽን በዝግ ሲሰበሰብ፣ ከኋላ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየ። የተሰጠው መልስ እውነቱን ሁሉ እንዳልያዘ ሲረዳ እጁን አነሣ፤ መሐንዲሶቹ አይተኮስ ብለው እንደነበር ተናገረ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ወደ ፊት መጥቶ እንዲደግመው ጠየቁት፤ ደገመው። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን የጎማውን ቁራሽ በበረዶ ውኃ ነክሮ መድረቁን በአደባባይ ያሳየው በዚሁ ምርመራ ነው። ማክዶናልድ ግን በኩባንያው ከሥራ ደረጃው ዝቅ ተደረገ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ተቆጥተው ጣልቃ ሲገቡ ወደ ኃላፊነት ተመለሰ፤ ያን ገዳይ መጋጠሚያ እንደ ገና የመንደፉን ሥራም እንዲመራ ተሾመ። መንኮራኩሮቹ በሴፕቴምበር 1988 ዳግመኛ ሲበሩ፣ በእርሱ መሪነት በታደሰው መጋጠሚያ ነበር። እንቢ ያለው ሰው ጥሎ አልሄደም፤ የፈረሰውን ቤት ተመልሶ ሠራው። ለእኔ መሪነት ማለት ይህ ነው።

ትምህርት ግን እንደ ማሳ ነው፤ በየዓመቱ ካልታረመ አረም ይውጠዋል። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራሽ ግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች ጉዳቱ በሳተላይት ካሜራ እንዲታይ ጠየቁ፤ ጥያቄው ከላይ ቆመ። ከመካከላቸው አንዱ ጠንካራ ቃል ያለበት ደብዳቤ ጽፎ፣ አትሞ፣ ለበላዮቹ ግን ሳይልከው ቀረ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን መንኮራኩሯ ስትመለስ ሰማይ ላይ ፈረሰች፤ ሰባት ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ ከአረፋው እኩል የመሥሪያ ቤቱን ልማድ ከሰሱ፤ የቻሌንጀርን ማሚቶ ሰማን አሉ። ያ ሳይላክ የቀረ ደብዳቤ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል። ስንቶቻችን ጽፈን ያልላክነው አለ?

ውድ አንባቢያን፣ ከሂዩስተን ወደ ጋሞ ስመለስ መንገዱ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ ጥያቄው አንድ ነውና። በጋሞ ደጋማ ምድር እያንዳንዱ ደሬ፣ ማለትም በአንድ መሬትና በአንድ ሥርዓት የሚተዳደር ማኅበረሰብ፣ ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ቦታ አለው። ሽማግሌዎች መርቀው ይከፍቱታል፤ ሰው በተራ ይናገራል፤ ውሳኔው በእጅ ቆጠራ ሳይሆን በመስማማት ይቋጫል። ሥርዓቱ እንደየደሬው ቢለያይም፣ ሀላቃ የሚባለው ባለ ማዕረግ ያዛል ከማለት ይልቅ ሸንጎው የወሰነውን ይሸከማል ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ማዕረጉን የሚያገኘው ድግስ ደግሶ፣ ሀብቱን ለሕዝብ አፍስሶ ነው፤ ከተሾመ በኋላም ብዙ ነገር ይከለከላል። ፈረንሳዊው ምሁር ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ሸንጎ አይቶ፣ ፖለቲካ የሚኖርበትን ቦታ ስለሚመለከት አንድ ሙሉ መጽሐፍ በ1983 ማሳተሙ ያለ ነገር አይደለም።

በሴፕቴምበር 2018 የሆነውን ደግሞ አገር ሁሉ ያስታውሳል። በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተጎዱ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱ። ብዙዎች ይህን እንደ ተአምር አወሩት። ለእኔ ግን ሣሩ ያቆማቸው፣ ሣር በተያዘ ጊዜ መቆም እንዳለበት አስቀድሞ፣ በሰላሙ ቀን፣ ትውልድ ሁሉ ስለ ተስማማበት ነው። የጠፈር ሰዎች በደንብ መጽሐፋቸው ያሰፈሩት «አይቀጥል» ከዚህ በምን ይለያል? ደም የሞቀ ዕለት ደንብ አይረቀቅም። የመቆሚያው ምልክት ከሩጫው በፊት መታወቅ አለበት።

ይህን ስል ዱቡሻን ያለ ነውር ላቆመው አልፈልግም። በቀድሞው ሥርዓት ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖቻችን እንደ ሙሉ ሰው ተቆጥረው ከሸንጎው አይቀመጡም ነበር፤ ሴቶችም ድምፃቸው በአብዛኛው በባል፣ በአባት በኩል ነበር የሚሰማው። እሳትን ከማንም በላይ የምታውቀው ሸክላ ሠሪ ስለ እሳት አትጠየቅም ነበር። የጎማውን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት መሐንዲሶችም ከውሳኔው ውጭ ተደርገው ነበር። ከሸንጎ የሚባረረው ድምፅ ብዙ ጊዜ ነገሩን በእጁ የዳሰሰው ሰው ድምፅ ነው። የእኛም የነርሱም ኃጢአት እዚህ ላይ ይገናኛል።

ኢትዮጵያም ሰማዩን ማረስ ጀምራለች። ድሮ ድሮ ስለ ጠፈር ሲነሣ የምንጠራው አንድ ስም ነበረን፦ በ1948 በቦንጋ ተወልዶ፣ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምሮ፣ በጃፓን በኩል አልፎ በአሜሪካ የሳተላይት መሐንዲስ የሆነው፣ በጃንዋሪ 2006 ያረፈው ቅጣው እጅጉ። ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ታሪኩን የምንናገረው ብቻውን እንደ ቆመ ዛፍ አድርገን ነው። ሳተላይት የብቻ ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ ከጎኑ እነማን ነበሩ፣ እንዴት ተከራከሩ፣ ማን ማንን አረመ ብለን አንጠይቅም። ጀግናን እንወዳለን፤ ጀግናው የተቀመጠበትን ክፍል ግን አናይም።

በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት፣ በድህነት የምትታወቅ አገር ስለ ኮከብ ምን አገባት ያለው ብዙ ነበር። መሥራቾቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ዲሴምበር 20 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሣች። ክብደቷ ከ70 ኪሎ ግራም ጥቂት ያለፈ ነበር፤ የወጪዋን አብዛኛውን ቻይና ሸፍናለች፤ ወጣት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ከቻይናውያን ጋር በሥራው ተሳትፈዋል። የሳተላይት ዕድሜ አጭር ነው። ከእርሷ ረዝሞ የሚቀረው እነዚያ ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሥራትን የተማሩበት ዘመን ነው፤ ያ ትምህርት «ይህ ስሌት ተሳስቷል» ማለትንም የጨመረ እንዲሆን ምኞቴ ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ኦክቶበር 16 ቀን 2021 ናሳ ወደ ጁፒተር ጎረቤት አለቶች የላካት መንኮራኩር ስሟ «ሉሲ» ነው፤ ኖቬምበር 24 ቀን 1974 በሐዳር በተገኘችው በእኛዋ ድንቅነሽ ስም የተሰየመች። ከተነሣች በኋላ ከሁለቱ ክብ የፀሐይ ኃይል ሰብሳቢ ክንፎቿ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳይቆለፍ ቀረ። ባለሙያዎቹ አልተቻኮሉም። በምድር ላይ አምሳያውን ይዘው ወራት ሙሉ ሞከሩ፣ እንዳለ ይተው ወይስ ይነካ ብለው ተከራከሩ፤ በ2022 ሁለቱን ሞተሮች በአንድነት እያሠሩ ገመዱን ጥቂት በጥቂት ሳቡት። ቁልፉ አልገጠመም፤ ክንፉ ግን ከ360 ዲግሪው ከ353 እስከ 357 ያህሉን ተዘርግቶ ጸና፤ ይህም ለጉዞው በቃ። ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ሉሲ «ድንቅነሽ» ተብላ በተሰየመች ትንሽ አለት አጠገብ አለፈች። አለቷ ብቻዋን አልነበረችም፤ የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ ተገኘችላት። ለእርሷም «ሰላም» የሚል ስም ወጣላት፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 በዲኪካ ባገኛት ሕፃን ቅሪተ አካል ስም። ስለዚህ ዛሬ በጥልቁ ጠፈር ውስጥ ሁለት የአማርኛ ቃላት አብረው ይዞራሉ። ያደረሱን ደግሞ መቆምን የሚያውቁ፣ ከመንካታቸው በፊት የተከራከሩ ሰዎች ናቸው።

ወደ ብሂላችን ልመለስ። አበው ሁለቱን የማይቻሉ በአንድ ቀንበር የጠመዱት ያለ ዕውቀት አልነበረም እላለሁ፤ አንዱ ሲፈታ ሌላውም ይፈታል። ይህን ለማወቅ ግን ሮኬት መተኮስ አያስፈልግም። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ፣ ባንክ፣ የየቤታችን ማዕድ ሁሉ የየራሱ የመቆጣጠሪያ ክፍል አለው። የመጨረሻዋን ወንበር የያዘው ታናሽ «ቁም» ሲል ምን ይደርስበታል? ወንበሩ ይነጠቃል ወይስ ዝርዝሩን እንዲጽፍ ወረቀት ይሰጠዋል? የአንድን ቤት ዕድል ከዚህ ጥያቄ መልስ መገመት ይቻላል።

በልማዴ በጥቂት ስንኝ ልሰናበት፦

«ቁም» የሚል ድምፅ አለ ከኋላ ወንበር፤
የተሰማ እንደሆን ያሻግራል ድንበር፤
ያልተሰማ እንደሆን በማግሥቱ ሰማይ፣
ጭስ ሆኖ ይጻፋል ሁሉ ሰው እንዲያይ።

ቸር እንሰንብት።